በቴፑ ላይ የሌሉት እጆች

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ ልታነጋግረኝ ቤቴ መጣች። ብቻዋን ነበረች። ስልኳን ቀጭን ማቆሚያ ላይ ሰካች፣ የባቄላ ፍሬ የምታህል ማይክሮፎን ሻርፔ ላይ አጣበቀች፣ መጋረጃውን ራሷ ገለጥ አደረገች። ከዚያ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ «እሺ እትዬ፣ እንጀምር» አለች።

እኔ በሩን በሩን አየሁ። «ሌሎቹስ?» አልኋት።

«የትኞቹ ሌሎች?»

የምሬን እንደ ሆነ ሲገባት ሳቀች። ሥራዋን በደንብ ሠራች፤ ጥያቄዎቿም የታሰበባቸው ነበሩ። ቅሬታ የለኝም። ግን ከሄደች በኋላ የሻይ ብርጭቆዎቹን ሳነሳ፣ በሃያ ዓመቴ ባሕር ዳር ላይ ከሦስት ሰዎች ጋር የሰነበትሁባቸው ሁለት ሳምንታት መጡብኝ። የማስታውሰውን እጽፋለሁ፤ ያላስታወስሁትን አልሞላም።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ነበርሁ። ከአዲስ አበባ የቴሌቪዥን ሰዎች በጣና ላይ ስለሚሠሩ ሥራዎች ፕሮግራም ሊያዘጋጁ እንደሚመጡ ተነገረ፤ ለልምምድ አንድ ተማሪ እንዲመደብላቸውም ተጠየቀ። የተመረጥሁት ከሌሎቹ በልጬ አይደለም። የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ነው።

አባቴ ከድር፣ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ነገሩን ስነግረው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ትንሽ አሰበ።

«ቴሌቪዥን ማለት ሰው ፊት መቆም ነው» አለ።

«እኔ የምቆመው ከኋላ ነው፣ አባባ።»

«ከኋላ ከቆምሽማ ምን ሊረባሽ? ማንም አያይሽ።»

እናቴ ከጓዳ ስትስቅ ሰማናት። በመጨረሻ፣ ከመግሪብ በፊት ቤት እንድገባ አስጠንቅቆ ፈቀደልኝ።

ወሩ ኅዳር ነበር። ጠዋት ከሐይቁ የሚነሣው አየር ጆሮ ይቆነጥጣል፤ ረፋድ ላይ ግን የዘንባባው ጥላ ራሱ ይሞቃል። ከግሽ አባይ ሰፈር እስከ ሐይቁ ዳር በወንድሜ ብስክሌት እሄድ ነበር፤ ቀሚሴ ሰንሰለቱ ውስጥ እንዳይገባ በልብስ መቆንጠጫ አስሬ። በዚያ ሰዓት መንገዱ ወደ ፋብሪካ በሚሄዱ ብስክሌቶች ይሞላል። የደወሉ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

የቴሌቪዥን ሰዎቹ፣ ሾፌሩን ሳልቆጥር፣ ሦስት ነበሩ። አዘጋጁ ጋሽ አሰፋ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። ካሜራማኑ ኃይሉ ግዙፍና ቀልደኛ ነው። የድምፅ ባለሙያው በቀለ ማዳመጫውን ከጆሮው የሚያወርደው ለምግብ ብቻ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ቴሌቪዥን የሚሠራው በመስኮቱ የሚታየው ሰው ይመስለኝ ነበር። ቤታችን ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ያየሁትም በቀበሌው አዳራሽ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው።

ጋሽ አሰፋ በየቀኑ ከአንዳቸው ጋር መደቡኝ። የመጀመሪያውን ቀን ገመድ ስጠቀልል ዋልሁ። ቀላል መስሎኝ እናቴ ክር እንደምትጠቀልለው ክንዴ ላይ ስጠመጥመው ኃይሉ ከእጄ ነጠቀኝ። «ገመድ የራሱ ፈቃድ አለው» አለ። «አንዴ ወደ ውስጥ፣ አንዴ ወደ ውጭ። ካስጨነቅሽው ነገ ሥራ ላይ ይበጠስብሻል።» ማታ እጄ ተልጦ ነበር። ለአባቴ አላሳየሁትም።

በሁለተኛው ቀን በቀለ ማዳመጫውን ራሴ ላይ ደፋልኝ። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ሥራ ሲያልቅ ሁሉም ሰው ለአንድ ደቂቃ ዝም እንዲል ያደርግ ነበር፤ የቦታውን ድምፅ ለብቻው በራሱ ትንሽ ቴፕ ይቀዳል። ዓይኔን ጨፍኜ ሰማሁ። ተወልጄ ያደግሁበት ሐይቅ ነው፤ እንዲህ ሰምቼው ግን አላውቅም። ዳርቻው ላይ የበቀለው ደንገል እርስ በርሱ ሲሻሽ፣ ሩቅ አንዲት ሴት ልብስ ድንጋይ ላይ ስትመታ፣ ከዚያም ባሻገር አንድ ሰው ውኃ ላይ ሲያስነጥስ። ዓይኔን ስገልጥ ያስነጠሰው ሰው ከሐይቁ መካከል ላይ ያለች ነጥብ ሆኖ አየሁት። በቀለ ፊቴን አይቶ ራሱን ነቀነቀ፤ «አየሽ?» ብቻ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን በካሜራው ትንሽ መስኮት አሻግሬ አየሁ። ሐይቁ ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ ከአውራ ጣቴ ጥፍር በማትበልጥ ቦታ ውስጥ ገብቷል። ወደ ዘጌ የሚሄድ ጀልባ በዚያች ጥፍር ላይ ሲሻገር ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁት። ኃይሉ «ተንፍሺ፣ ጀልባው አይሰምጥም» ብሎ ሳቀብኝ።

ትልቁ ሥራ የመጣው በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ካሜራውና ምስሉን የሚይዘው መሣሪያ የተለያዩ ነበሩ። ካሜራው ኃይሉ ትከሻ ላይ ነው። ምስሉ የሚቀዳው ግን እንደ ሻንጣ በትከሻ በሚንጠለጠል ከባድ መቅረጫ ውስጥ፣ ወፍራም መጽሐፍ በሚያህል ካሴት ላይ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ገመድ አለ፤ ቢረዝም ሦስት እርምጃ። መቅረጫውን የያዘ ሰው ካሜራማኑ ሲራመድ ይራመዳል፣ ሲንበረከክ ይንበረከካል። በአራተኛው ቀን መቅረጫው ለእኔ ተሰጠ።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔና አንቺ ታስረናል» አለ ኃይሉ። «አባትሽ ቢያዩን ሽማግሌ ላክ ይሉኛል።»

«አንተን የሚያገባህ ባትሪ ብቻ ነው» አለ በቀለ ማዳመጫውን ሳያወርድ።

ከመቅረጽ በፊት ሁልጊዜ የሚባባሉት ነገር ነበራቸው። ጋሽ አሰፋ ዝግ ባለ ድምፅ «ቴፕ?» ይላሉ። መቅረጫውን የያዘው «እየሄደ ነው» ይላል። «ድምፅ?» በቀለ «ጥሩ።» «ካሜራ?» ኃይሉ ከጉሮሮው «እም።» ከዚያ ጋሽ አሰፋ «ጀምሩ።» ካሴት ወደ ኋላ ተመልሶ ከነበረ ደግሞ ኃይሉ አስቀድሞ «ቁጥር?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ መቅረጫው ላይ ካሴቱ የት እንደ ደረሰ የሚያሳይ ቆጣሪ ነበረ። ያን ሲባባሉ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አራት ሰው በአንድ ትንፋሽ ዝም ሲል ከዚያ በፊት አላየሁም።

አባ ኑሩን ያገኘናቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ደንገሉ በሚበዛበት ዳርቻ ነው። ታንኳ ሠሪ ናቸው። ዕድሜያቸውን አላውቅም፤ ጥርሳቸው ግን ሙሉ ነበር። መጀመሪያ አልፈቀዱም።

«እኔ ለምን እታያለሁ? ሥራዬን እኔ አውቀዋለሁ» አሉ።

ቀረብ ብዬ ሰላምታ ሰጠኋቸው። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

«የከድር ልጅ ነኝ፤ የጨርቅ ነጋዴው።»

«ኤድያ! ያንን ሲታጠብ የሚያጥር ጨርቅ የሸጠልኝ?» ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ «የምትይዙት ነገር ይቆያል? ዓመትም ሁለት ዓመትም?»

«ይቆያል» አልኋቸው።

«ሁለት ልጆቼ ለውትድርና ሄደዋል። ትንሾች ሆነው ነው የሄዱት፣ የታንኳ አፍ ማሰር ገና አላሳየኋቸውም። እኔ ሳልኖር ቢመለሱ ያዩታል። እንግዲያው ያዙኝ።»

የታንኳ አፍ የሚሉት ወደ ላይ የሚቀና የፊት ጫፉን ነው። ሌላው ሁሉ ደንገል መደርደርና ማሰር ነው፤ አፉ ግን እጅ ይጠይቃል፤ ካልያዘ ታንኳው በማዕበል አፍንጫውን ይደፋል። አባ ኑሩ አንድ ታንኳ ብቻ ነበር የሚያስሩት፤ በማግሥቱ ከሐይቁ ማዶ ላዘዘ እንጨት ጫኝ ሊያደርሱለት ነው። የተቆረጠው ደንገልም ያ ብቻ ነበር።

አፉን ሲያስሩ የቀረጽንላቸው ረፋድ ላይ ነው። ከኃይሉ ጋር በገመድ ታስሬ ከእጃቸው ሁለት እርምጃ ላይ ተንበረከክሁ። እሳቸው በልጥ ማሰሪያ እያሰሩ ያወራሉ፤ «እዚህ ላይ አትቸኩል… ልጡ ይንገርህ…» ልጆቻቸውን እያናገሩ እንደ ነበር ሁላችንም ገብቶናል። ሲጨርሱ ኃይሉ ካሜራውን አውርዶ ለረጅም ጊዜ ምንም አልቀለደም።

ጋሽ አሰፋ የማይተዉት ልማድ ነበራቸው፤ የተቀረጸ ሰው ምስሉን ሳያይ አይሄዱም። ስለዚህ ካሴቱን ወደ ኋላ መልሼ ለአባ ኑሩ በካሜራው ትንሽ መስኮት አሳየኋቸው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት አዩ። «ያረጀሁትን ያህል አርጅቻለሁ» አሉና ቀና አሉ። እኔም መቅረጫውን አቆምሁት።

ወዲያው አንድ የሻላ መንጋ ከደንገሉ ጀርባ ተነሥቶ ፊታችን ውኃው ላይ አረፈ። ነጭ፣ ትልልቅ፣ ብዙ። ኃይሉ ካሜራውን ወደ ትከሻው ወረወረው። ጋሽ አሰፋ «ቴፕ?» አሉ። እኔ ቁልፉን ተጭኜ «እየሄደ ነው» አልሁ። «ጥሩ።» «እም።» «ጀምሩ።» ወፎቹ እስኪነሡ ድረስ ቀረጽን። በሕይወቴ ካየሁት ነገር ሁሉ የበለጠ ያማረ መስሎኝ ነበር።

ምሳ አንድ ሾላ ሥር ነበር፤ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ በዳቦ። የቀረጻ ዝርዝር መጻፍ የእኔ ሥራ ስለ ሆነ ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጥሮቹን ማስፈር ጀመርሁ። የታንኳ አፍ ማሰር፣ ከመቶ ሰማንያ እስከ ሦስት መቶ። ቀጥሎ ሻላዎች፣ ከመቶ ዘጠና እስከ ሦስት መቶ አሥር።

ደግሜ አነበብሁት። ለአባ ኑሩ ለማሳየት ወደ ኋላ የመለስሁትን ካሴት ወደ ፊት አላሳለፍሁትም ነበር። ሻላዎቹን የቀረጽነው በእጆቻቸው ላይ ነው። እጆቻቸው ጠፍተዋል፤ ደግመው የሚያስሩት ደንገልም የለም።

ማንም አላወቀም። ከሁለት ቀን በፊት አቧራ መቅረጫው ውስጥ ገብቶ አንድ ምስል አበላሽቶብን ኃይሉ ሲራገም ውሏል። ዝም ብል ነገሩ አዲስ አበባ ላይ ይታወቃል፤ አቧራ ነው ይባላል፤ እኔም ጥሩ የልምምድ ወረቀቴን ይዤ እቀራለሁ። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ፤ አላሰብሁም ብል ውሸት ነው። ከእኛ ጋር ደግሞ ከአስተዳደሩ የተመደበ አስተባባሪ ነበረ፤ «ጓድ» እያልን የምንጠራው፣ ደብተር ከእጁ የማይለይ ወጣት። እሱም አጠገባችን እየበላ ነበር።

«ጋሽ አሰፋ» አልሁ። «የአባ ኑሩን ሥራ አጥፍቼዋለሁ።» እንዴት እንደ ጠፋም ነገርኋቸው።

ጓድ ማኘኩን አቆመ። «የመንግሥት ቴፕ ነው የጠፋው?» አለ። «ይህ ቸልተኝነት ነው ወይስ አሻጥር?»

የዚያን ቃል ክብደት ዛሬ ለወጣቶች ማስረዳት ይከብደኛል። ሰው በዚያ ቃል ከሥራው ይነሣ ነበር፤ ወደ ቤቱ የማይመለስም ነበር። ከእጄ የዓሣ ዘይት ቅጹ ላይ ጠብ አለ።

ጋሽ አሰፋ እጃቸውን በወረቀት ጠረጉ። «ሪፖርት የምታደርገው አንተ ነህ፣ ጓድ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የጽሑፍ ማስረጃ ያስፈልግሃል። ሰዓዳ፣ የሆነውን እዚያው ቅጹ ላይ ጻፊ።»

«በስህተት ምስሉ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍሁ። አነበቡት። «ይህ ምንም አይናገርም» አሉ። «ስህተት የሚለውን ሰርዢው። ያላደረግሽውን ጻፊ።» እንደገና ጻፍሁ፦ ካሴቱን ወደ ፊት ሳላሳልፍ ቀረጻ ጀመርሁ። ፈረምሁ።

ያን ጊዜ ኃይሉ እጁን ዘርግቶ እስክሪብቶውን ወሰደ። ከእኔ ሥር ጻፈ፦ ካሴቱ ወደ ኋላ መመለሱን እያየሁ ቁጥር ሳልጠይቅ ቀረጽሁ። ፈረመ። በቀለ ቀጠለ፦ ከቀረጻ በፊት ቴፑ የቆመበትን ቦታ በማዳመጫዬ አላረጋገጥሁም። ፈረመ። ጋሽ አሰፋ በመጨረሻ ጻፉ፦ ሦስቱ መልስ መስጠታቸውን እንጂ ምን እንደ መለሱ ሳላዳምጥ «ጀምሩ» አልሁ። ፈርመው ቅጹን ለጓድ ሰጡት።

ጓድ አንብቦ አንብቦ፣ «አራታችሁም?» አለ።

«አራት ሰው ነው የሚቀርጸው» አሉ ጋሽ አሰፋ፤ ወደ ዓሣቸውም ተመለሱ።

ጓድ ሪፖርት ያድርግ አያድርግ አላውቅም። የደረሰብን ነገር የለም። እኔ ግን ከሰዓት በኋላ ገመዱን እየጠቀለልሁ ኃይሉን፣ «ለእኔ ብላችሁ ዋሻችሁ አይደል?» አልሁት።

ሲቆጣ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ማን ዋሸ? ቁጥር መጠየቅ የማን ሥራ ነው? የአባትሽ?» አለ። «የጻፍሁት የሆነውን ነው። አንቺ የራስሽን ጥፋት ያዢ፣ የእኔን አትውሰጂብኝ።»

በልምምዱ ሁሉ የየአንዳንዱን ሥራ የማውቅ መስሎኝ ነበር፦ ይህ ያያል፣ ያ ይሰማል፣ እኔ እይዛለሁ። የእያንዳንዱ ሥራ ግማሽ ሌላውን መጠየቅ መሆኑን ያወቅሁት ያን ከሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ባለሥልጣን፣ ብዙ አዋቂ አነጋግሬአለሁ። እነዚያ ሦስት ሰዎች ዓሣ እየበሉ እንዳደረጉት ያለ ነገር ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ለአባ ኑሩ የምነግራቸው እኔ እንድሆን ተስማማን። በማግሥቱ ማለዳ ብስክሌቴን እየነዳሁ ስደርስ ታንኳውን ይዘው ሄደዋል። ውኃው ላይ ማንም የለም። ቆይቼ ተመለስሁ። በሳምንቱ እሄዳለሁ አልሁ፤ አልሄድሁም። ቡድኑ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ፤ ፈተና መጣ፤ ሌላም ሌላም። እውነቱ አፈርሁ። በእነዚያ ሰዎች ፊት የጻፍሁትን እሳቸው ፊት ለመናገር አቃተኝ።

ፕሮግራሙ የተላለፈው ከወራት በኋላ ነው። በቀበሌው አዳራሽ ሰው በአግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ አባ ኑሩ ንጹሕ ጥምጣም አድርገው ከፊት ነበሩ። ደንገል ሲያጭዱ ታዩ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ሲደረድሩ ታዩ። ከዚያ ሻላዎቹ ወረዱ፤ በላያቸውም የአባ ኑሩ ድምፅ ተሰማ፤ «እዚህ ላይ አትቸኩል… ልጡ ይንገርህ…» በቀለ እሳቸው እያሰሩ ሲያወሩም በራሱ ትንሽ ቴፕ ቀድቶ፣ ድምፃቸው ተርፎ ኖሯል። ሰው ሁሉ ረጋ ብሎ ሰማ። እኔም ውበቱ አፈዘዘኝ። ወፎቹ ልክ እንደሚያዳምጡ ሆነው ነበር የሚንሳፈፉት።

አባ ኑሩ ግን ከመቀመጫቸው ተነሡ። «እጄስ?» አሉ ጮክ ብለው። «እጄን የት አደረጋችሁት?»

ሰው ሳቀ። እኔ ከኋላ በኩል ሰውን እየገፋሁ መጥቼ አጠገባቸው ቆምሁ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ አባ ኑሩ። ወፎቹን በላዩ ቀረጽሁበት።»

ከቴሌቪዥኑ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም። «መቼ አወቅሽ?»

«ያን ዕለት ምሳ ላይ።»

«ያን ዕለት» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ግን አይተሻል፣ አይደል? እዚያው ነበርሽ።»

«አይቻለሁ።»

«እንግዲያው ልጆቼ ሲመጡ አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።»

ልጆቹ መጥተው አልጠየቁኝም። እኔም በተማርሁት መንገድ ፈልጌአቸው ነበር፤ በመጀመሪያ በስም፣ በኋላም የሚያውቃቸውን ሰው በማጠያየቅ፤ አላገኘኋቸውም። ይመለሱ አይመለሱ የማረጋግጥበት ነገር የለኝም። አባ ኑሩ ከሞቱ ብዙ ዓመት ሆኗል። ያን ሥራ የሚያውቁ ሌሎች ሰዎች ሐይቁ ዳር ዛሬም ታንኳ ያስራሉ፤ እያንዳንዱ ግን የራሱ እጅ አለው። የአባ ኑሩን ያየነው አራት ነበርን፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጋዜጠኛ ሆኜ በኖርሁባቸው ዓመታት የሰው ቃል ሳላጓድል ለማድረስ ስታገል፣ ይህችን አንዲት መልእክት ሳላደርስ ቆይቻለሁ። ምናልባት ከልጆቻቸው አንዱ፣ ወይም የልጅ ልጅ፣ ይህን ያነብ ይሆናል። ስለዚህ ልንገር።

መጀመሪያ ልጡን ሐይቁ ውስጥ ነከሩት፤ ሦስት ጊዜ፣ እያወጡ እየጨመቁ። የደንገሉን ቀጭን ጫፎች በግራ ክንዳቸው አቀፉ፣ በቀኝ ጉልበታቸው ጀርባውን ተጫኑት፤ በአንዴ አይደለም፤ ትንፋሽ ባወጡ ቁጥር ጥቂት። ሲቀና የልጡን አንድ ጫፍ በጥርሳቸው ይዘው ሌላውን በታንኳው አፍ ዙሪያ ሁለት ጊዜ አዞሩት፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በታች ነው እንጂ በላይ አይደለም። የግራ አውራ ጣታቸውን መካከል አስገቡ፤ የጣቱ ጥፍር የተሰነጠቀ ነበር። ልጡ ሲጠብቅ ሲጥ የሚል ድምፅ አወጣ። ያን ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ ጣታቸውን አላወጡም። ከሰሙ በኋላ አወጡት፤ ጣቱ በነበረበት ቀዳዳ የልጡን ጫፍ አሳልፈው ወደ ራሳቸው ሳቡ፣ ጉልበታቸውን ቀስ ብለው አነሡ። አፉ በቀናበት ቀረ።